ስድስቱና ሁለቱ

በ2023 የአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ፍሎሪዳ ስቴት 13ቱንም ጨዋታ አሸነፈ። ኮሚቴ ግን ተሰብስቦ ከፕሌይ ኦፉ አራት ቡድኖች ውጭ አደረገው። ባነበብኩት ጊዜ የኛው ትዝ አለኝ።

ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በምድባችን ስድስት ጨዋታ፣ በሜዳ አንድም አልተሸነፍንም። ቅጣት ያለበት ተጫዋች ተሰልፏል ተብሎ የቦትስዋናው ድል በወረቀት ተነጠቀ፤ እንዲያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካን በልጠን አንደኛ ወጣን። ሽልማታችን ናይጄሪያ!

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ሲያገባ ቦሩ ሜዳ በጩኸት ቀለጠች። ከዚያ ኢሜኒኬ ሁለት አስቆጠረ፣ አንዱን በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት። ካላባር ላይ 2 ለ 0፤ አለቀ።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ስድስት ጨዋታን ሁለት ጨዋታ የሚሰርዝበት ስሌት አይዋጥልኝም። ጓደኛዬ ግን «ታዲያ ያን ቀን ምን አስጮኸህ?» ይለኛል።