የአቢንግዶን ከተማና አሮጌው የስፖርት ኦቶሞቢል

ከኦክስፎርድ ከተማ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች አቢንግዶን የምትባል አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ አለች። የመንገደኛ ባቡር በ1963 ዓ.ም. ስለ ተቋረጠባት፥ ዛሬ ጎብኚ የሚደርስባት ከኦክስፎርድ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) በገበያዋ አደባባይ ላይ በ17ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ የታነጸ ከፍ ያለ የሸንጎ ቤት ቆሟል። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሲሆን፥ በውስጡ ከጥንት ዕቃዎች ጋራ አንድ ሽብርቅ የማይሻው ተራ ኦቶሞቢል በክብር ተቀምጦ የሚያይ እንግዳ ይደነቃል። ምክንያቱ የሚገባው የከተማይቱን ታሪክ የሰማ እንደ ሆነ ነው።

ኤም ጂ የሚባለው ስም «ሞሪስ ጋራዥስ» ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተወሰደ ነው። ይህ በኦክስፎርድ የነበረው የዊልያም ሞሪስ ጋራዥ ሲሆን፥ ሥራ አስኪያጁ ሲሲል ኪምበር ተራውን የሞሪስ ኦቶሞቢል እያሻሻለ ቀላልና ፈጣን የስፖርት መኪና ማውጣት ጀመረ። በ1929 ዓ.ም. ሥራው ወደ አቢንግዶን ተዛወረ። ከዚያ ከወጡት ሁሉ ይልቅ የታወቀው ኤም ጂ ቢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከ1962 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። በ1979 ዓ.ም. ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገረ፤ በሚከተለው ዓመት ተዘጋ። ለአምሳ ዓመት ያህል ብዙ የከተማይቱ ሰዎች እንጀራቸውን ያገኙበት የነበረው ሥፍራም ጸጥ አለ።

ፋብሪካው ቢዘጋም መኪናው ግን አልጠፋም። በ1930 ዓ.ም. የተመሠረተው የኤም ጂ ኦቶሞቢል ማኅበር ዛሬም ጽሕፈት ቤቱ በዚህችው ከተማ፥ ከቀድሞው ፋብሪካ አጠገብ ነው። መኪናው ዕድሜ ሊያገኝ የቻለበት ዋናው ምክንያት አሠራሩ ያልተወሳሰበ በመሆኑ ነው። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ባለአራት ሲሊንደሩን ሞተር ከነመሣሪያዎቹ በዓይኑ ያያል፤ ለብዙው ጥገናም ካቻቢቴ፥ ፒንሳና ጥቂት የዳዶ መፍቻዎች ይበቁታል። እነዚህ «ካቻቢቴ»፥ «ፒንሳ»፥ «ዳዶ»፥ «ካንዴላ» የሚሉ ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፥ በአስመራም ሆነ በአዲስ አበባ ጋራዦች የተለመዱ ስለ ሆኑ ቋንቋውን የሚማር ሁሉ ቢያውቃቸው ይጠቀማል።

የጥገናውን ዓይነት ለማስረዳት ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። ኤም ጂ ቢ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት ካርቡሬተሮች አሉት። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ክዳን በእጅ ፈትቶ ጥቂት ቀጭን ዘይት መጨመር ያስፈልጋል፤ ዘይቱ የጎደለ እንደ ሆነ ነጂው ቤንዚን ሲሰጥ መኪናው ያመነታል። ሁለቱ ካርቡሬተሮች አየር እኩል መሳባቸውን ለማወቅ ደግሞ ባለቤቱ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በጆሮው፥ ሌላውን በካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጎ፥ የአንዱንና የሌላውን ፉጨት እያስተያየ ያስተካክላል። መብራቱ የደከመ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ሽቦው ከመኪናው አካል ጋራ በሚታሰርበት ሥፍራ ነው፤ ያን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ቢጠርጉት መብራቱ ይመለሳል። የፊት እግሮቹም በየ3,000 ማይል ግሪስ ይሻሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ግን ዝገት ነው። ኤም ጂ ቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የለውም። አካሉን ቀጥ አድርገው ከሚይዙት ክፍሎች ዋናው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጋው ውስጡ ባዶ የሆነ ላሜራ ነው። ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ሲደፈኑ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ዝገቱም ከውስጥ ስለሚበላ ከውጭ ቀለሙ እያማረ ብረቱ ያልቃል። በመጨረሻ መኪናው ከመካከሉ ይጎብጥና በሮቹ አልገጥም ይላሉ። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሙሉ አካል እየተሠራ መሸጡ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ መክፈት የሚጠይቀው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላው ኦቶሞቢል፥ አሠራሩ በብዙ ካልተለወጠ፥ በየዓመቱ ከሚደረገው ምርመራ ነጻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መኪናውን ለመንገድ የሚበቃ አድርጎ የመያዝ ግዴታ በባለቤቱ ላይ ጸንቶ ይኖራል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የፍሬኑም የጎማ ቱቦ በዕድሜ ይሰነጠቃል። ይህን በጊዜው መርምሮ የማይለውጥ ሰው አደጋ የሚያመጣው በራሱ ላይ ብቻ ሳይሆን፥ መንገድ በሚሻገረው ሕፃን ላይም ነው። መርማሪ በማይጠይቅበት ጊዜ የሰው ትጋት የሚታወቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ በሥራ ወይም በትምህርት ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ አንባቢያችን ወደ አቢንግዶን ጎራ ቢል አይቈጭም። በሙዚየሙ የቆመው መኪና ይህ ፋብሪካ በመጨረሻ ካወጣቸው አንዱ ነው፤ እርሱ አርፏል። በመንገድ የሚያልፉት ጓደኞቹ ግን እስከ ዛሬ የሚሄዱት ባለቤቶቻቸው ትንሹን ጕድለት ትንሽ ሳለ ስለሚያቃኑ ነው። ቤት፥ ድልድይ ወይም የመንግሥት መኪና በአደራ የተረከበ ሰውም ከዚህ የሚማረው አያጣም።