ስለ አይጧ የተሰበረ ምጣድ

ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር እርር ድብን እላለሁ። በ1953 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ቤቲ ትዋሮግ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ክሊቭላንድ ውስጥ ሴሮቶኒንን ከአንጎል አገኘችው። እስከዚያ ድረስ ሴሮቶኒን የሚታወቀው ደም ሥር በማጥበብ ነበር። በዓመቱ ኒውዮርክ ላይ ተመራማሪዎቹ ዉሊና ሾ፣ ኤልኤስዲ የተባለው አእምሮ ለዋጭ ውህድ የሴሮቶኒንን ሥራ እንደሚያውክ አይተው፣ የአእምሮ ሕመምም ከዚሁ ንጥረ ነገር መዛባት ሊመጣ ይችላል አሉ። ሩብ ሚሊግራም ኤልኤስዲ ሰውን ለሰዓታት ከራሱ የሚነጥልበትን መንገድ ያወቀ፣ የድብርትን ምሥጢር ግማሽ ያህል ያውቅ ነበር።

ምን ተደረገበት? የሃርቫርዱ ቲሞቲ ሊሪ ምርምሩን ትቶ ሰባኪ ሆነ፤ በ1963 ተባረረ። ጋዜጣው ጮኸ፣ ፖለቲከኛው ደነገጠ። በ1966 አምራቹ ሳንዶዝ ኤልኤስዲን ማደል አቆመ፤ በ1970 የአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር ደመረው። ሕጉ ምርምርን በቀጥታ አልከለከለም፤ የፈቃዱ ጣጣ ግን ከክልከላ አይተናነስም። አበው «ስለ ምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ፤ እነዚህ አይጧን እንገድላለን ብለው ምጣዱን ሰበሩት።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ የመጣው ነው። ከጆሃንስበርግ አሜሪካ የገባው ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በ1984 የብርድ ወራትን ድብርት ለይተው ገለጹ። ታማሚው እንቅልፍ አይጠግብም፤ ዳቦና ጣፋጭ ያምረዋል፤ ሰው ማየት ያስጠላዋል፤ ፀደይ ሲመጣ ይለቀዋል። ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። ቀኑ እምብዛም ከማይረዝምባትና ከማያጥርባት አዲስ አበባ ሄደው ታኅሣሥ ላይ ለስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ብርሃን ሲያዩ፣ ሕመሙን «ናፍቆት ነው» ብለው ያልፉታል።

ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል ከየት ይመጣል? ያው ሰው ታኅሣሥ ላይ ታማሚ፣ ሰኔ ላይ ጤነኛ ነው፤ ራሱን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ኤምሲፒፒ የተባለ ሴሮቶኒን ነክ ውህድ በደም ሥር ሲሰጣቸው ታማሚዎቹ በብርድ ወራት ያልተለመደ ፈንጠዝያ ተሰማቸው፤ በብርሃን ከታከሙ በኋላ ሲደገም ያ ስሜት ደበዘዘ። በ2002 ደግሞ አውስትራሊያውያን ከ101 ጤነኛ ወንዶች የአንገት ደም ሥር ደም ቀድተው፣ የአንጎል ሴሮቶኒን በብርድ ወራት ዝቅ እንደሚል አሳዩ። በሩን በደንብ የሚከፍተው ቁልፍ፣ የኤልኤስዲ ምርምር፣ ግን ሕመሙ ስም ከማግኘቱ 14 ዓመት አስቀድሞ ተቀብሮ ነበር።

ማንም ቤቱ ይሞክረው አላልኩም፤ አደገኛ ነው፤ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ይመርምረው ነው ያልኩት። ጆንስ ሆፕኪንስ እንደ ኤልኤስዲ አእምሮ ለዋጭ የሆነውን የሳይሎሳይቢን ጥናቱን ያወጣው በ2006 ነው። ዉሊ ከሞተ 40 ዓመት ሆኖት ነበር። ኤልኤስዲም ሳይሎሳይቢንም እስካሁን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመዝግበው ይገኛሉ።