የቆርኪና የብርጭቆ ምትሐት

የሕፃናት መጫወቻ ሁሉ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። እንዲያውም በኢትዮጵያ ከተሞችና ገጠሮች ብዙው ሕፃን የሚጫወተው ትልልቅ ሰዎች ተጠቅመው በጣሉት ዕቃ ነው። የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ፥ ባዶ ጣሳ፥ ያረጀ ካልሲ፥ ቁራጭ ሽቦና ያለቀ ነጠላ ጫማ በአዋቂ ዐይን ሲታዩ ጥራጊ ናቸው። በልጅ ዐይን ሲታዩ ግን ገና ያልተሠራ መኪና፥ ያልተሰፋ ኳስ፥ ያልተዘረጋ ስልክ ናቸው። ድህነት ያመጣው ጨዋታ ነው ብሎ የሚያዝን ሰው አይጠፋም፤ ዳሩ ግን በዚህ ጨዋታ ውስጥ በገንዘብ የማይገዛ ትምህርት አለ።

የሽቦ መኪና አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ልጁ በመጀመሪያ የተጣመመውን ሽቦ በድንጋይ ላይ አድርጎ እየቀጠቀጠ ያቀናል። ቀጥሎ የመኪናውን አካል በጣቱ እያጠፈ ይሠራና መገናኛዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ያስራል። ለጎማ የሚሆነው ቆርኪ ወይም ከነጠላ ጫማ በክብ የተቆረጠ ላስቲክ ነው። በመጨረሻም እስከ ደረቱ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ከፊተኛው ጎማ ጋር ያያይዝና ጫፉን እንደ መሪ ክብ አድርጎ ያጥፈዋል። የጎማው ቀዳዳ ከመካከሉ ከራቀ መኪናው እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የፊት ጎማዎቹ እኩል ካልቆሙ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ይህን ጉድለት ለልጁ የሚነግረው መምህር የለም፤ ነገር ግን መኪናውን ሲነዳ ራሱ ያየዋል። አይቶም ያፈርሳል፤ አፍርሶም እንደገና ይሠራል።

የጣሳ ስልክም እንዲሁ ነው። ሁለት ባዶ ጣሳዎች ሥራቸው በምስማር ይበሳል፤ ዐሥር ሜትር ያህል ሲባጎ በቀዳዳዎቹ ይገባና ጫፎቹ ከውስጥ ይቋጠራሉ። የተከፈተው የጣሳ አፍ ስለት ስላለው በድንጋይ ተመትቶ መለዘብ አለበት። አንዱ ልጅ ሲናገር ሌላው ጣሳውን በጆሮው ላይ ደግኖ ያዳምጣል። ሲባጎው የተወጠረ እንደ ሆነ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የላላ ወይም ግድግዳ የነካ እንደ ሆነ ግን ይጠፋል። ሲባጎውን በጣቱ ቀስ ብሎ የዳሰሰ ልጅ መንዘሩ ይሰማዋል፤ ድምፅ ንዝረት መሆኑንም ከመጽሐፍ ሳያነብ ይረዳል።

ከእጅ ሥራው ይልቅ ሕፃናትን የሚያስደንቀው ግን በቤት ዕቃ የሚታየው ምትሐት ነው። አንዲት እኅት ብርጭቆውን እስከ አፉ ውኃ ሞልታ በወፍራም ወረቀት ትከድነዋለች። ወረቀቱን በእጅዋ ደግፋ ብርጭቆውን ትገለብጥና እጅዋን ታነሣለች። ውኃው አይፈስም። ታናናሾችዋ በመገረም አፋቸውን ይይዛሉ። ከዚያም ሳንቲም በጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ታኖርና ታናሽ ወንድምዋን ሳንቲሙ በሳሕኑ ጠርዝ እስኪሸፈንበት ድረስ ወደ ኋላ ታስኬደዋለች። ቀስ ብላ ውኃ ስትጨምር ማንም ሳይነካው ሳንቲሙ ብቅ ይላል። ወይም በሎሚ ጭማቂ ስም ትጽፍበትና ባዶ የሚመስለውን ወረቀት፥ ትልቅ ሰው ባለበት፥ ከመብራት ሙቀት አጠገብ ትይዘዋለች፤ ቡናማ ፊደል ይወጣል።

ምክንያቱ ግን ከምትሐቱ አያንስም። ውኃውን ከታች ደግፎ የያዘው አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እንዳሳየው የአየር ግፊት 76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሜርኩሪ ይሸከማል። በባሕር ጠለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ በመሆንዋ በዚያ የሚጫነው የዚህ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በብርጭቆው ውስጥ ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ግን በካሬ ሳንቲ ሜትር ክብደቱ 10 ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ አየሩ ቢያሸንፍ ምን ይደንቃል? ሳንቲሙም ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም፤ ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ወደ ልጁ ዐይን ደረሰ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ምሥጢሩን ያወቀች ልጅ ትንገር ወይስ ትደብቅ? ብትደብቅ በታናናሾችዋ ፊት ክብርዋ ይበዛል፤ ብትናገር ግርማ ሞገሱ ይቀንሳል። ጥያቄው የልጆች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1584 ዓ.ም. ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ የምትሐተኞችን የእጅ ጥበብ በመጽሐፍ ገልጦ ጻፈ፤ ዓላማው በጠንቋይነት ተከሰው የሚሰቃዩትን ምስኪኖች ለመከላከል ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ምትሐተኛ ሮቤር ሁዳን በመንግሥቱ ተልኮ ወደ አልጄሪያ ሄደ። ቅኝ ገዢዋ ፈረንሳይ የአገሬው የሃይማኖት ሰዎች ተሰሚነት አስግቷት ነበርና፥ እርስዋም ተአምር ሠሪ እንዳላት ልታሳይ ፈለገች። ሁዳን በቀላሉ የምትነሣ ትንሽ ሣጥን መድረክ ላይ አኖረ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ብርቱ ሰው ሊያነቃንቃት እንኳ አቃተው። የሣጥንዋ መቀመጫ ብረት ነበር፤ ከመድረኩ በታችም ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ብረት የሚስብ መሣሪያ ተደብቆ ነበር። ዛሬ ማንም ተማሪ ይህንኑ መሣሪያ በምስማር፥ በተሸፈነ የመዳብ ሽቦና በባትሪ ድንጋይ አሳንሶ ሊሠራው ይችላል።

ሁለቱም ሰዎች ስለ አንድ ዓይነት ጥበብ ያውቁ ነበር። አንዱ ገልጦ ሰው ሊያድንበት ሞከረ፤ ሌላው ሸሽጎ ሕዝብ አስፈራራበት። በገበያ ዳር ሦስት ካርታ እያገለባበጠ «ቀይዋን ያየ!» የሚለው አታላይም የሚኖረው በተሸሸገ ነገር ነው። የገጠሬውን የከብት መሸጫ ገንዘብ የሚበላው የጣቱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የተመልካቹ «እንዴት?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ የበሬ ዋጋም ይቀራል።

ስለዚህ ምትሐቱ ለጥቂት ጊዜ ቢያስደንቅ መልካም ነው፤ መደነቅ የጥያቄ መነሻ ነውና። ከመደነቅ በኋላ ግን ብርጭቆው ለታናሹ ልጅ ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያውን ጊዜ ውኃውን በልብሱ ላይ ያፈስሰዋል፤ ወረቀቱ ከብርጭቆው አፍ ጋር በደንብ አልገጠመም ይሆናል። ሁለተኛውን ጊዜ ግን ይሳካለታል፤ በዚያን ጊዜ ምትሐቱ ይቀርና ዕውቀቱ የእርሱ ይሆናል። እርሱም በተራው ለጎረቤት ልጅ ያሳያል፤ ጎረቤቱ ልጅ «እንዴት?» ብሎ የጠየቀው እንደ ሆነ፥ መልሱን አይነፍገውም።