አበባ ለማንጠልጠል ኮርኒሱ ወይስ በረንዳው?

ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ቤቱ ውስጥ አበባ ማንጠልጠል የፈለገ ሰው ከአበባው በፊት ኮርኒሱን ይመርምር። በእንጨትና ጭቃ በተሠራ ቤት ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ አቡጀዴ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም ስስ ችፑድ ነው፤ አቧራ ይከላከላል እንጂ ሸክም አይችልም። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሹ ተቆርጦ አፈር የተሞላ ጀሪካን ውኃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ማሰብ ነው። መንጠቆው የግድ የጣሪያውን ወራጅ መያዝ አለበት። እሱም ቢሆን ብርሃን አያመጣም፤ የመስኮቱ ራስ ከኮርኒሱ ዝቅ ስለሚል ላይኛው ጥግ ደብዛዛ ነው፣ ቀን ደግሞ የቆርቆሮው ሙቀት ይወርድበታል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የበረንዳውን ጣሪያ ነው፤ ብርሃን አለ፣ የሚንጠባጠበውም ውኃ ሶፋ አያበላሽም።

«ጓሮው እንሰት ሞልቶ አበባ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጓሮ ላለው ልክ ነው (እንሰትን የሚያህል ቅጠል ከየት ይመጣል!)፤ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ግን መሬቱ ያለው አየር ላይ ነው። «አየር ያጣራል» የሚለው መከራከሪያ ግን አያሳምነኝም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የናሳ ጥናት ነው፤ የተሞከረው በታሸገ ሳጥን ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ የተለመደውን የአየር ዝውውር ለመተካት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። ከሰል በተያያዘበት ክፍል አበባ ተማምኖ መስኮት መዝጋት ሕይወት ያስከፍላል።