ናይሮቢ፦ ሰዓቱ የገጠመ፣ መንገዱ የዞረ

ይድረስ ለጎፋው ቤተሰብ በሙሉ፣ በተለይም ለእማማ። ልጆቻችሁ ከነልጆቻቸው ደህና ናቸው። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይተው ገብተዋል። አባትየው ሥራ ጀምሯል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገብተዋል። እናትየዋ ደግሞ ከሁሉም የከበደውን ይዛለች፤ ከተማውን መልመድ።

ስትሸኟቸው «ናይሮቢ እኮ ጎረቤት ናት» ብላችሁ ነበር። አልተሳሳታችሁም፤ ከቦሌ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ይጎዳቸዋል የተባለውም አልሆነም። ከተማዋ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሐምሌ ላይ ሰማዩ ደመና ለብሶ ይውላል፤ ያለ ሹራብ አይወጣም። ያስቸገራቸው ግን ይኸው ጎረቤትነት ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሁሉም ነገር ይለያል ብሎ ተዘጋጅቶ ይሄዳል። እነሱ ያው አዲስ አበባ ነው ብለው ወጡና መጀመሪያ ያገኙት መንገድ ላይ ወደ ግራ አይተው ሊሻገሩ ገቡ። መኪናው በቀኝ መጣ።

ኬንያ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። እናትየዋ ታክሲ በጠራች ቁጥር ከፍታ ልትገባ የምትሄደው በሹፌሩ በር ነው። ሹፌሮቹም ለምደውታል መሰል፣ ቁልፉን ዘርግተው «ንጂው እንግዲህ» እያሉ ይስቁባታል። መሻገሩን ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሞ የለመደው ትንሹ ልጅ ነው፤ አሁን እጇን ይዞ የሚያሻግራት እሱ ሆኗል።

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ግን አልከበዳትም። ረዳት አለው፣ ይጣራል፣ «አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ» ብሎ አራት ሰው ይጭናል። እዚህ መስመሩ በቁጥር ይታወቃል፤ ወደ ሰፈራቸው በ46፣ ኢስትሊ ወደሚባለው ሰፈር በ6 እና በ9 ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ታሪፉ ወዲያው ይጨምራል፤ እዚህ ላይ እንግድነት አልተሰማትም። ትልልቆቹ ማታቱዎች ደግሞ ከላይ እስከ ታች በዘፋኝና በኳስ ተጫዋች ሥዕል ተሸፍነዋል፤ ሙዚቃቸው ገና ከሩቅ ይሰማል።

ሒሳብ የሚከፈለው በስልክ ነው። ኤምፔሳ እዚህ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን የገባው በ2015 ስለሆነ ስሙን ታውቁታላችሁ። ከቤታቸው በታች ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ ከጃንጥላዋ ላይ ሰቅላለች። እናትየዋ መጀመሪያ ሰሞን የወረቀት ገንዘብ ይዛ ስትቆም፣ ሴትዮዋ መልስ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ቆይታ ትመለስ ነበር።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጉዳይ። በስዋሂሊም ቀኑ የሚቆጠረው እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ያው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ኬንያም ሆነች ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ስለማይርቁ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ትወጣለች፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ይሠራል። ችግሩ ቢሮውና ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት 8 ሰዓት ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የጉልቷ ሴት 2 ሰዓት ስትል ግን 2 ሰዓት ማለቷ ነው።

በዚህ የተሸወደው የተማረው አባት ነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የፎቁ ሮቶ ሲደርቅ በቦቴ ይቀዳል። የቦቴው ሹፌር በስዋሂሊ «4 ሰዓት እመጣለሁ» አለው። እሱ የውጭ አገር ሰዓት ነው ብሎ በልቡ ቀየረና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከቢሮ ሮጦ ቢመጣ፣ ቦቴው ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ መጥቶ ቀድቶ ሄዷል። ሚስቱ ልብስ አጥባ ጨርሳ ቡና አፍልታ ጠበቀችው። እሷ ምንም አልቀየረችም። እንግሊዝኛው አይሆንላትም ተብሎ የተፈራላት ሴት በስዋሂሊ እየገባች ከተማውን በመልመድ ቀድማቸዋለች።

አባትየው የሚሠራው ጊጊሪ ነው፤ በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ሰፈር። አጠገቡ ካሩራ ጫካ አለ። በ1991 ዓ.ም. መሬቱ ለግንባታ ሊሸነሸን ሲል ችግኝ ይዘው የሄዱት ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ እዚያው ተደብድበዋል፤ በ1997 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ እዚያ ብስክሌት ተከራይተው ይነዳሉ። አዲስ አበባ መሐል እንዲህ ያለ ጫካ ቢኖር ስንት ሪል እስቴት እናይበት ነበር!

ስለ ምግቡ ሐሳብ አይግባችሁ። እንጀራ ኢስትሊ እንደልብ ይገኛል። ትንሹ ልጅ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በሱኩማ ዊኪ ካልሆነ አልበላም ማለት ጀምሯል፤ ሱኩማው ያው ጎመን ነው፣ ቤት ሲሠራለት ግን አይነካም።

እናትየዋ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ላኩልኝ ብላለች። አደራ፣ በፌስታል እንዳይሆን። እዚህ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስታል ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። በጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ስም ጻፉበት። ምጣድ አትላኩ፤ ኢስትሊ ተገኝቷል።