በቃል ያለ ይረሳልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ያልሰማ ተማሪ፥ ያልተናገረም መምህር የሚገኝ አይመስለኝም። ደብተር መያዝ ያለውን ጥቅም ለማስረዳት ከዚህ ያጠረ ምክር ስለሌለ፥ እኛ መምህራን በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ እናነሣዋለን። ነገር ግን ወደ ተልተሌ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ይህን አባባል ሳልመረምረው ለማለፍ አልቻልሁም። በእውነት በቃል ያለ ሁሉ ይረሳልን? በመጽሐፍ ያለስ ሁሉ ይወረሳልን? ለአንባብያን ላካፍል የፈለግሁት አሳብ ይኸው ነው።

አባባሉን የተናገሩት የመጽሐፍ ሰዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ሆኖም በእነዚሁ በመጽሐፍ ሰዎች ዘንድ የቅኔ መምህር የሚያስተምረው በቃሉ ነው፤ ተማሪውም የሰማውን እያንሰላሰለ በልቡ ይይዘዋል እንጂ ደብተር አይገልጥም። የአንድምታው ትርጓሜም ቢሆን በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለረጅም ዘመን ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እንግዲህ ቃልና መጽሐፍ ጣውንቶች አይደሉም፤ በአንድ ቤት ሲኖሩ የቆዩ ናቸው። ይህን የበለጠ ያስተዋልሁት ግን መጽሐፍ እምብዛም በማይገኝበት አገር ነው።

ተልተሌን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ያቤሎ ሲደርስ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከዚያም ግራርና የምስጥ ኩይሳ የሞላበትን ሜዳ እያቋረጠ ይሄድና ከተልተሌ ይደርሳል። ወረዳው ከኮንሶ ጋር ይዋሰናል። ስለዚህ በገበያ ቀን ፍየሉንና ወይፈኑን እየነዳ የሚመጣው ቦረና፥ እህል የሚሸጠው የኮንሶ ገበሬ፥ ጨውና ስኳር የሚቸረችረው ከሌላ አገር የመጣ ነጋዴ በአንድ ሥፍራ ይገናኛሉ። መምህሩ፥ የጤና ባለሙያው፥ የመንግሥት ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ሃያ ዓመት የተቀመጠም አይታጣም።

በምዝገባ ወራት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። በቅጹ ላይ የትውልድ ዘመን የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለና፥ «ልጅዎ የተወለደው መቼ ነው?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። «በጉዮ ጎባ ገዳ፥ በሦስተኛው ዓመት፥ ዝናቡ ቀርቶ ከብት ባለቀበት ወራት» ብለው ያለ አንዳች ማመንታት መለሱልኝ። ነገሩን የሚያውቁ አንድ ባልደረባዬ ወዲያው አሰቡት። ጉዮ ጎባ ሥልጣን የተረከቡት በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ሦስተኛው ዓመት 2003 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ በዚያም ዓመት በቦረና ብርቱ ድርቅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ቅጹ የጠየቀው አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን፥ እናትየው ግን ቁጥሩን ከነታሪኩ ሰጡኝ።

ይህ የዘመን አቆጣጠር እንዲህ ነው። በቦረና የገዳ ሥርዓት አንድ አባ ገዳ የሚመራው ለ8 ዓመት ነው። እነዚህም 8 ዓመታት በስሙ ይጠራሉ፤ በዘመኑ የሆነው ሁሉ፥ ድርቁም ጥጋቡም፥ ጦርነቱም ዕርቁም ከስሙ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከጉዮ ጎባ ቀጥሎ ኩራ ጃርሶ ከ2009 እስከ 2017 ዓ.ም. መርተዋል። በ2017 ዓ.ም. በአሬሮ ወረዳ በባዳሳ በተደረገው የርክክብ በዓል ደግሞ ጉዮ ቦሩ ተረክበዋል። በሽማግሌዎቹ ቁጥር እርሳቸው 72ኛው አባ ገዳ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን 71 አባ ገዳዎች በ8 ዓመት ያባዛ ሰው ከ560 ዓመት በላይ ያገኛል። ይህን ሁሉ ስም በተራ የሚቈጥር ሽማግሌ ቤት ብትገቡ አንድም መጽሐፍ አታገኙም።

የአገሩን ሊቃውንት የሚያደምጥ ተመራማሪም አልታጣም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በቦረና ተቀምጠው ከሽማግሌዎች አፍ የሰሙትንና በዐይናቸው ያዩትን ይዘው፥ እ.ኤ.አ. በ1973 «ገዳ» የተባለውን የታወቀ መጽሐፋቸውን በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በየ8 ዓመቱ የሚደረገውን የጉሚ ጋዮን ጉባኤ ዓለም ያወቀው ይበልጡን በእንደዚህ ያለ ጥናት ነው። በዚህ ጉባኤ ሕዝቡ በጋዮ ተሰብስቦ ሕጉን ይመረምራል፤ የሚሻሻለውን ያሻሽላል፤ የጸናውም በአደባባይ በቃል ይታወጃል። የገዳን ሥርዓት ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

ቦረናዎች ይህን ያህል ደክመው ያለፈውን የሚይዙት ለመኵራራት ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ዳጪ የሚሉት ነገር አለ። ይኸውም ቀድሞ በአንድ ገዳ የደረሰ መልካም ወይም ክፉ ነገር ወደ ፊት በሚመጣው ገዳ ላይ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የአያቱን ዘመን ያላወቀ መሪ በራሱ ዘመን ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ይህን እምነት የማይቀበል አንባቢ ቢኖር እንኳ፥ ድርቅ በሚመላለስበት አገር የቀድሞውን ድርቅ ማስታወስ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይስተውም።

ጎረቤቶቹ ኮንሶዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ያስታውሳሉ። እነርሱ በድንጋይ እርከን ላይ የሚያርሱ፥ በድንጋይ በታጠረ መንደር የሚኖሩ ናቸውና፥ ትዝታቸውንም በድንጋይና በእንጨት አቁመውታል። ታላቅ ሰው የሞተ እንደ ሆነ ዋካ የሚባል ምስል ከእንጨት ይቀረጽለታል። ሟቹ በመካከል ይቆማል፤ ሚስቶቹ ከአጠገቡ ይደረደራሉ፤ የገደለው ጠላት ወይም አውሬም እንዲሁ ይቀረጻል። አንዱ ትውልድ ለሌላው ሥልጣን ሲያስረክብ በመንደሩ አደባባይ ረጅም ግንድ ይተከላል፤ ግንዶቹን የቈጠረ ሰው የመንደሩን ዕድሜ ይገምታል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ሆኖም ብዙዎቹ ዋካዎች ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ለቅርስ ነጋዴ ተሸጠዋል፤ ከተረፉትም የተሰበሰቡት በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም እንዲጠበቁ ተደርጓል። ምስሉ በማያውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ቢቆም የማን አባት እንደ ሆነ የሚናገርለት የለም። እንጨቱ ሳይበሰብስ ትዝታው ይሞታል ማለት ነው። በእንጨት ላይ የደረሰው በወረቀትም ላይ ይደርሳል። የሚያነበው ያጣ መዝገብ በመጋዘን ሲቀመጥ ከምስጥ በቀር ወራሽ የለውም።

ከብት አርቢ ቤቱን አፍርሶ ውሃና ሣር ፍለጋ ይሄዳልና ሐውልት ሊሸከም አይችልም፤ ስለዚህ ትዝታውን በአንደበቱ ይዞ ይሄዳል። አራሹ ከመሬቱ አይለቅምና ትዝታውን በመሬቱ ላይ ያቆማል። እኛ የከተማው ነዋሪዎችስ በምን እናስታውሳለን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ የአንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ሞት ነው። ሰውየው ለብዙ ዓመታት በገበያው ዳር ተቀምጠው የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። በከተማው ውስጥ እርሳቸው የሰፉትን ልብስ ያልለበሰ ወጣት ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት ባረፉ ጊዜ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ቡና ተፈላ፤ ሕዝቡም በሚገባ አለቀሰላቸው። ነገር ግን «አገራቸው ወዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ ለቀስተኛው ሦስት ልዩ ልዩ አገር ጠራ። የእድሩ መዝገብ ቢገለጥ ስማቸውና የከፈሉት መዋጮ ተጽፏል፤ ማን እንደ ነበሩ ግን አልተጻፈም። በዚያው ድንኳን ውስጥ ከ560 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መቍጠር የሚችል ቦረና ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ማንበብና መጻፍ የምንችለው እኛ ግን የአንድ ጎረቤታችንን የትውልድ አገር ለማወቅ አልበቃንም።

አሁን ደግሞ ይህ የቦረናው ሀብት ራሱ አደጋ ላይ ነው። ታሪክ በቃል የሚተላለፈው በምሽት ነው፤ ከብቱ በረት ከገባ፥ ወተቱ ከታለበ በኋላ ልጅ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ግን አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይዘንብባቸው አለፉ። ከብቱ አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሎ በመጠለያ ውስጥ ተቀመጠ። በረቱ ባዶ ሲሆን የምሽቱ ጨዋታም ይቀዘቅዛል፤ ስለ በሬው፥ ስለ ላሟ ዘር፥ ስለ ኤላው የሚነገረው ታሪክ መነሻውን ያጣልና። በሌላ በኩል ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ከመንደሩ ርቆ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፥ ቀን ከእኛ ዘንድ፥ ማታ ከደብተራቸው ጋር ይውላሉ፤ ወደ አያታቸው የሚመለሱት ትምህርት ሲዘጋ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ የምሽቱን ሰሚ የወሰደው ትምህርት ቤቱ ነው። ድርቅ የገደለው ከብት ዝናብ ሲመለስ ሊራባ ይችላል፤ ሰሚ ያጣ ሽማግሌ ግን ካለፈ በኋላ የሚተካበት ወራት የለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ በዕረፍት ጊዜ ከአያቶቻቸው አንድ ታሪክ ጠይቀው በኦሮምኛ ጽፈው እንዲመጡ አዘዝኋቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአንዱ ተማሪ አያት ለገበያ መጥተው ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ አሉና፥ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፥ ልጁ ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በወረቀት ከያዘው በኋላ ወደ እኔ ለምን ይመጣል? ሸጦ የጨረሰ ሰው ገበያ አይወጣም።»

«አባቴ፥» አልኋቸው፥ «እርስዎ ካለፉ በኋላ ምን ሊይዝ ነው?»

«እኔን ይዞ ከቆየ እኔ የነገርሁትን ይይዛል። ወረቀቱን ብቻ ከያዘ ግን ወረቀቱ ቢሳሳት ማን ያርመዋል?»

ጥቂት ዝም አልሁ፤ ነገሩ እውነት ነውና። ከዚያም ሽማግሌውን አማክሬ አንድ ሥርዓት አበጀን። ተማሪው የጻፈውን ወደ ነገሩት ሰው መልሶ በቃሉ ያነብላቸዋል፤ የተሳሳተውን ያርማሉ፤ የቀረውን ይጨምራሉ። ቀጥሎም ለሌላ ሽማግሌ ያነባል። ከጽሑፉ ግርጌ የተናጋሪው ስምና የሰማበት ዘመን በገዳም በዓመተ ምሕረትም ይገባል። አንድ ተማሪ አንድ ኤላ በየትኛው ገዳ እንደ ተቆፈረ ከሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ሰማ። እርሱም ሁለቱን በአንድ ዛፍ ሥር አገናኝቶ ግማሽ ቀን አከራከራቸው። ያልተስማሙበትንም እንዳለ ሁለቱንም ጻፈ። ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይልቅ በዚህ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱ ሽማግሌዎቹን ዝም ከማሰኘት ይልቅ አናግሯቸዋልና።

የከተማው ልጆች ደግሞ ስለ ከተማው ሰዎች እንዲጽፉ ተደርጓል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ፥ ጋራዡን የከፈተው ሰው፥ ከኮንሶ መጥቶ የቀረው አናጺ አንድም ሳይቀር ታሪክ አላቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ትዕግሥት ነው። በየትንሹ ከተማ የምትገኙ መምህራን፥ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ይህን ብትጀምሩ የምታጡት ነገር የለም። በቃል ያለ የሚረሳው ሰሚ ሲያጣ ነው፤ በመጽሐፍ ያለም የሚወረሰው ተመልሶ የሚጠይቅ ሲገኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ የተሰጠው ለልብስ ሰፊው ነው። ሞያቸውና የሰፉላቸው ሰዎች ስም ተጽፏል። የትውልድ አገር የሚለው ቦታ ግን ገና ባዶ ነው፤ ሦስቱን አገር ከጠሩት ለቀስተኞች ሁለቱን ተማሪዎቹ ጠይቀዋል፤ ሦስተኛውን በመጪው የገበያ ቀን ይጠይቃሉ።