የቀለለው ሸክም የት ገባ?

የሰርግ ጥሪ ካርድ የሚያሳትም ሰው 500 እንግዳ ቢጠራ 500 ዓይነት ካርድ አያሳትምም። ጽሑፉ አንድ ነው። «ለክቡር» ከሚለው ቀጥሎ ባዶ መስመር ይተዋል፤ ስሙ በኋላ በእጅ ይሞላል። በድረ ገጽ ዓለም ቴምፕሌት የሚባለውም ይኸው ነው፦ ስም፣ ዋጋ፣ ቀን የሚገባበት ባዶ ቦታ ያለው፣ በኤችቲኤምኤል የተጻፈ ቅጽ።

ቀድሞ ይህን ቅጽ የሚሞላው በአብዛኛው ሩቅ ያለው ሰርቨር ነበር። ጃቫስክሪፕት እየጎለበተ ሲመጣ ሥራው ወደ ተጠቃሚው ብራውዘር ተዛወረ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ካርዱ አንዴ ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ የሚላከው የስም ዝርዝሩ ብቻ ነው። ዳታ ይቆጠባል፤ ገጹም በየጊዜው እንደ አዲስ አይከፈትም።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የጄኩዌሪ ፈጣሪ ጆን ሬሲግ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ የምትሠራ፣ በአንድ ገጽ የምታልቅ ኮድ ለሕዝብ አቀረበ። በ2009 ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ ዋንስትራዝ መስታሽ የተባለውን የቴምፕሌት ቋንቋ አወጣ፤ የጃቫስክሪፕት ቅጂውም ተከተለ። ስሙ «ሪዝ» ማለት ነው። ባዶውን ቦታ የሚያመለክተው ጥምዝ ቅንፍ ወደ ጎን ሲጋደም ሪዝ ይመስላላ!

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ ከጥሪ ካርዱ ጋር ማተሚያ ቤቱም አብሮ መላክ ሲጀምር ነው። ዛሬ የአንድ ድረ ገጽ የተለመደ ክብደት ከ2 ሜጋባይት ያልፋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 2 ሜጋባይት ማለት ወደ 700 ሺህ ፊደል፣ ማለትም አንድ ወፍራም ልቦለድ ማለት ነው። የሦስት መስመር ማስታወቂያ ለማንበብ አንድ ልቦለድ ማውረድ! ትልቁን ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ምስል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ምስል ከወረደ በኋላ ብዙ ሥራ አይጠይቅም። ጃቫስክሪፕት ግን ከወረደ በኋላ መነበብ፣ መተርጎም፣ መሠራት አለበት። ያን ጊዜ ርካሹ ስልክ ይግላል፤ ባትሪው ይወርዳል፤ ጣት ቢነካውም ገጹ አይሰማም።

ወጪው የማን ነው? ፕሮግራመሩ ፈጣን ኮምፒውተርና ጥሩ መስመር ስላለው ክብደቱ አይታወቀውም። የሚከፍለው በቀን ጥቅል ዳታ የሚገዛው ሰው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እዚህ ግን የአንዱ ባለሙያ ድካም ይቀንስ ተብሎ ሃምሳውም ሎሚ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ይሸከማል።

ይህን ያዩ ሰዎች ዝም አላሉም። ጄሰን ሚለር የሠራው ፕሪአክት ተጨምቆ ሲላክ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው። በግዕዝ ፊደል ቢሰላ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግን ከትልቁ ከሪአክት ጋር በአሠራር ይቀራረባል። ቀላል ነገር መሥራት ይቻላል ማለት ነው።

ሆኖም ቅለት ብቻውን ምስጋና አይገባውም። እንግዳው በባዶው መስመር ላይ በስሙ ፈንታ ትእዛዝ ቢጽፍስ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የ19 ዓመቱ ሳሚ ካምካር በማይስፔስ ገጹ ላይ የጃቫስክሪፕት ኮድ ደበቀ። ድረ ገጹ ማጣሪያ ቢኖረውም ኮዱ ሾልኮ አለፈ። ገጹን ያየ ሁሉ ሳያውቅ ጓደኛው ሆነ፤ ኮዱም ወደ ተመልካቹ ገጽ ተቀዳ። በአንድ ቀን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተነኩ። ያ ወጣት ለቀልድ ነበር ያደረገው። ሌባ ቢሆንስ ኖሮ?

መስታሽ ለዚህ መልስ አለው። ባዶው ቦታ በሁለት ጥምዝ ቅንፍ ሲከበብ የገባው ጽሑፍ በአብዛኛው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ትእዛዝ አይሆንም። እንዳለ እንዲያልፍ የፈለገ ሦስተኛ ቅንፍ መጨመር ይችላል። አደጋው በአብዛኛው የሚገባው አውቆ በሩን በከፈተ ሰው እጅ ነው። የሬሲግ ትንሽ ኮድ ግን ይህን ጥበቃ አልያዘም፤ ለተጠቀመበት ሰው ጥንቃቄ ትቶለታል። ሁለቱም ቀላል ናቸው። ልዩነቱ ከላያቸው የተቀነሰው ነገር ማን ላይ እንደወደቀ ነው።

የትልልቆቹ ደጋፊዎችም ክርክር አላቸው። የተፈተነ ነው፣ ጥበቃው አብሮ ተሠርቷል፣ ጊዜ ይቆጥባል ይላሉ። ለባንክ የውስጥ ሥርዓት ወይም ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ለሚውል መሥሪያ ክርክሩ ያስኬዳል። የፈተና ውጤት ለማየት፣ የመብራት ሂሳብ ለመክፈል ለሚከፈት ገጽ ግን አያስኬድም። እዚያ የሚመጣው ሰው ምርጫ የለውም። ገጹ ከበደኝ ብሎ ወደ ሌላ ቤት አይሄድም።

ስለዚህ የሕዝብ ድረ ገጽ የሚያሠራ ተቋም ሥራውን ከመረከቡ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። ይህ ገጽ በርካሽ ስልክና በደካማ መስመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ተጠቃሚው የሚጽፈውስ ነገር ትእዛዝ እንዳይሆን የሚጠብቀው ማን ነው? መልስ የሌለው ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም፤ ቀሪውን ለሕዝቡ አሸክሞታል።